የቬስፓው መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ

በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው ሹፌሩን ልብ ብሎ ቢመለከተው፣ ማርሹን የሚለውጠው በግራ እጁ መያዣውን እየጠመዘዘ መሆኑን ያያል። ብልሃቱ ከሕንድ የመጣ ይመስላል። ዳሩ ግን የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት የኢጣልያውን ቬስፓ በፈቃድ ይሠራ የነበረ ኩባንያ ነው። ቬስፓን የፈጠረው ደግሞ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል መሐንዲስ ነበር። የሚያስገርመው ነገር፣ ይህ ሰው ሞተር ብስክሌትን ከልቡ የማይወድ ሰው መሆኑ ነው፤ ምኞቱ ሁሉ በሰማይ ላይ ነበር።

ዳስካኒዮ በ1891 (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ የአውሮፓ ነው) ተራራማ በሆነው በአብሩዞ አገር፣ በፖፖሊ ከተማ ተወለደ። ገና በ15 ዓመቱ ክንፍ አበጅቶ ከኮረብታ ላይ ለመንሳፈፍ ሞከረ። በ1914 ከቶሪኖ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ተመረቀ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1925፣ ባሮን ፒየትሮ ትሮያኒ ከተባለ ባለገንዘብ ጋር ተስማምቶ ቀጥ ብሎ የሚነሣ አይሮፕላን፣ ማለትም ሄሊኮፕተር፣ ለመሥራት ተነሣ። በ1930 ሦስተኛው ሥራው በሮማ አጠገብ በቻምፒኖ ሜዳ 18 ሜትር ከፍ አለ፤ ከ8 ደቂቃ በላይ በአየር ላይ ቆየ፤ ከአንድ ኪሎ ሜትርም በላይ ተጓዘ። ይህ ለዚያ ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ አለቀ፤ መንግሥትም ዕቃውን አልፈለገውም።

ስለዚህ ዳስካኒዮ በፒያጅዮ ፋብሪካ ተቀጥሮ የአይሮፕላን መዘውር መሥራት ያዘ። መዘውሩ እየበረረ ሳለ የስለቱን አቀማመጥ የሚለውጥ ዓይነት ነበር። የእኛ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። የኢጣልያ አይሮፕላኖች በአገራችን ሰማይ ላይ ሲያንዣብቡ፣ የመንዝና የመርሐ ቤቴ አርበኞችም በገደሉ ሥር ሲዋጉ፣ ይህ ሰው የሚሠራበት ፋብሪካ ለዚያው አየር ኃይል የሚያቀርብ ነበር። የብልሃቱን ማማር ስናደንቅ ይህንንም አብረን ብናስታውስ ትክክል ይመስለናል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፖንቴዴራ የነበረው ፋብሪካ በቦምብ ፈራረሰ፤ የተሸነፈች ኢጣልያም የጦር አይሮፕላን ገበያዋ ተዘጋ። የፋብሪካው ባለቤት ኤንሪኮ ፒያጅዮ፣ ሕዝቡ በርካሽ የሚሄድበት ነገር ይሠራ ዘንድ ፈለገ። ሌላ መሐንዲስ የሠራለት ስኩተር ደስ ስላላሰኘው ጉዳዩን ለዳስካኒዮ ሰጠው። ዳስካኒዮም ሞተር ብስክሌትን የሚጠላበትን ምክንያት አንድ በአንድ አስወገደ። ሰንሰለቱ ልብስ ያቆሽሻል፤ ስለዚህ ሞተሩን ከኋላው እግር አጠገብ አድርጎ ሰንሰለትን አስቀረ። ጎማ መቀየር ያስቸግራል፤ ስለዚህ እግሩን እንደ አይሮፕላን ማረፊያ እግር ባንድ ወገን ብቻ አስያዘው። ቀሚስ የለበሰች ሴትም ትቀመጥበት ዘንድ መካከሉን ክፍት አደረገ። አካሉን ከተጣጠፈ ብረት፣ እንደ አይሮፕላን ቆዳ፣ ያለ ሌላ አጥንት ሠራው። የፈጠራው መብት ሚያዝያ 23 ቀን 1946 በፊሬንዜ ተመዘገበ። የመጀመሪያው ቬስፓ 98 ሲ.ሲ. ሞተር ነበረው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ስሙም በኢጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው።

ያረጀ ቬስፓ ዛሬም ታድሶ የሚነሣው በዚሁ ቀላልነቱ ነው። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ቫልቭ የሚባል ነገር የለውም። በ1950ዎቹ በተሠሩት ላይ፣ ገመዶቹ ከተፈቱ በኋላ፣ አንዱን ረጅም ብሎንና የአሞርዛተሩን ብሎን ያወጣ ሰው ሞተሩን በእጁ ተሸክሞ ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል። ከዚያ በኋላ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ፍሪሲዮን እያለ ይፈታል። (ጋራዦቻችን የሚናገሩት ቃል ብዙው የኢጣልያን መሆኑን ልብ ይሏል።) በመጨረሻም የሞተሩ ቤት ለሁለት ይከፈላል፤ ኮሎው ይወጣል፤ ኩሽኔታዎቹም ይለወጣሉ።

ሰው ቸል የሚለው ግን ፓራኦሊዮውን ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚኑና አየሩ መጀመሪያ የሚገቡት ኮሎው ወዳለበት ክፍል ስለሆነ፣ ያ ክፍል አየር ማስገባት የለበትም። ፓራኦሊዮው ደርቆ ትርፍ አየር ከገባ፣ ቤንዚኑም ከእርሱ ጋር የተቀላቀለው ዘይትም ስለሚያንስ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። በመንዝ ደጋ ላይ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በባሕር ዳርቻ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚያ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል፣ ይጨሳል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። መድኃኒቱ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ነው።

በ1948 ከቬስፓው አፔ የተባለው ባለ ሦስት እግር ዕቃ ጫኝ ተወለደ። አፔ ንብ ማለት ነው። የባጃጃችን አያት ይህ ነው። በ1956 የተሠራው ቬስፓ አንድ ሚሊዮን ሞላ፤ ዳስካኒዮ በዓለም ስሙ ተጠራ። እርሱ ግን ደስታው ሙሉ አልነበረም። ለሠላሳ ዓመት ያህል የደከመበት ሄሊኮፕተር በሌሎች እጅ፣ በአሜሪካ አገር፣ ፍሬ ሲያፈራ አየ። በፒዛ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት አስተማረ፤ በ1960ዎቹም ከፒያጅዮ ተለይቶ ወደ አጉስታ ኩባንያ በመሄድ፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ አንዲት ትንሽ የማሠልጠኛ ሄሊኮፕተር ነደፈ። ያችም ለገበያ አልበቃችም። በ1981 በነሐሴ ወር በ90 ዓመቱ በፒዛ ሲሞት፣ በከተማዋ መንገዶች ላይ የእርሱ ስኩተሮች ይመላለሱ ነበር።