ዊሊያም ብላንፎርድ

ዊሊያም ቶማስ ብላንፎርድ (ኦክቶበር 7 ቀን 1832 – ጁን 23 ቀን 1905 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የሥነ ምድርና የእንስሳት ተመራማሪ ነበር። ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያይዘው በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ የሰሜን ኢትዮጵያን የድንጋይ ንጣፎች በቅደም ተከተል መመደቡ ነው።

የሕይወት ታሪክ

ብላንፎርድ የተወለደው በለንደን ሲሆን በዚያው ከተማ በሚገኘው የማዕድን ትምህርት ቤትና በጀርመን አገር በፍራይበርግ ተምሯል። በ1855 እ.ኤ.አ. ከወንድሙ ከሄንሪ ጋር ወደ ሕንድ ሄዶ በአገሪቱ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ። እዚያም የደካንን ሰፊ የባዛልት ደጋ አጥንቷል።

በኢትዮጵያ

ጦሩ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በሕንጣሎና በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አልፎ የበሽሎን ሸለቆ ተሻገረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ዓፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዕለት ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ጦሩ ብዙ የብራና መጻሕፍትና ቅርሶች ይዞ ሲመለስ፣ ብላንፎርድ ደግሞ የመንገዱን ድንጋይና እንስሳት የሚገልጽ ጥናት ይዞ ተመለሰ። ጥናቱ በ1870 እ.ኤ.አ. በለንደን ታተመ።

የድንጋይ ንጣፎቹ

ብላንፎርድ ለንጣፎቹ የሰጣቸው ስሞች ጦሩ ያለፈባቸው ቦታዎች ስሞች ናቸው። ከታች ያለው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው፤ በአብዛኛው ወንዞች ካመጡት አሸዋ የተሠራ ነው። በላዩ የሕንጣሎ የኖራ ድንጋይ ተነጥፏል። በውስጡ የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካል ስላለ ብላንፎርድ ዘመኑን ጁራሲክ ብሎታል፤ ይህም ከ145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ዛሬ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋ ያን ጊዜ ጥልቀት በሌለው ባሕር ተሸፍኖ እንደነበር የሚያስረዳው ይህ ድንጋይ ነው። ተመሳሳይ የኖራ ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከልም ይታያል።

ከሁሉ በላይ ያሉትን የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ለሁለት ከፍሎ የታችኛውን አሸንጌ፣ የላይኛውን መቅደላ ብሎ ሰይሟል። ከመቅደላ በስተደቡብ ምዕራብ ያለችው መካነ ሰላምም በዚሁ የእሳተ ገሞራ ደጋ ላይ ትገኛለች። የኋላ ጥናቶች የባዛልቱ ዋና ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ፈሰሰ አረጋግጠዋል፤ የሁለቱ ምድቦች ወሰን ግን በየቦታው አንድ ዓይነት ሆኖ አልተገኘም። የአዲግራትና የሕንጣሎ ስሞች አሁንም በኢትዮጵያ የሥነ ምድር ካርታዎችና ትምህርት ውስጥ ያገለግላሉ።

የመጨረሻ ዓመታት

ብላንፎርድ በ1874 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በ1879 እ.ኤ.አ. ከሄንሪ ሜድሊኮት ጋር የሕንድን ሥነ ምድር የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። በ1882 እ.ኤ.አ. ጡረታ ከወጣ በኋላ የለንደን ሥነ ምድር ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። በ72 ዓመቱ በለንደን አረፈ።