ዊሊስ ካሪየርና የቦሌ አየር፦ የአየር ማቀዝቀዣ ፈጣሪው ሕይወት ለከፍታ ከተማ ያለው ትምህርት

መግቢያ

በአዲስ አበባ ክረምት ሲባል የሚታሰበው ዝናብና ብርድ ነው። ሙቀቱ የሚበረታው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ነው። በእነዚህ ወራት በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት በሚገኙ ብዙ ቤቶች ከቀትር በኋላ መቀመጥ ይከብዳል። ችግሩ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባሉ ክፍሎችና ወደ ምዕራብ የዞረ ሰፊ መስታወት ባላቸው አፓርታማዎች ይጸናል። ከሚታሰቡት መፍትሔዎች አንዱ በጎማ እግሮቹ ከክፍል ወደ ክፍል የሚገፋው፣ ትኩስ አየሩን በወፍራም ቱቦ በመስኮት የሚያስወጣው ተንቀሳቃሽ የአየር ማቀዝቀዣ ነው።

የዚህ መሣሪያ ዕውቀት ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከዊሊስ ሃቪላንድ ካሪየር ሥራ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ካሪየር በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ቅዝቃዜን እንደፈጠረ ሰው ነው። ሕይወቱ ሲመረመር ግን ከማቀዝቀዝ አስቀድሞ አየርን የለካና እርጥበትን በቁጥር የያዘ ሰው ሆኖ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የካሪየርን ሕይወት በአጭሩ ከተረከ በኋላ ሥራው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ከተማ እንዴት ሊነበብ እንደሚገባ ያሳያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ካሪየር ኅዳር 26 ቀን 1876 በኒው ዮርክ ግዛት በኤሪ ሐይቅ አቅራቢያ በምትገኝ አንጎላ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ብቸኛ ልጅ ሲሆን ያደገው በእርሻ ቤት ነው። በልጅነቱ የክፍልፋይ ሂሳብ አልገባው ባለ ጊዜ እናቱ ፖም እየቆረጠች በግማሽ፣ በሩብና በስምንተኛ እየከፈለች እንዳስተማረችው ይነገራል። ከባድ ጥያቄን ወደ ትናንሽ ክፍሎች መለየት ዕድሜ ልኩን የተከተለው የአሠራር ልማድ ሆነ። እናቱ ግን ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ሞተችበት።

በ1897 ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዕድሉ ወጪውን ሁሉ ስለማይሸፍን ሣር እያጨደና የቤት ማሞቂያ ምድጃዎችን እየጠበቀ ራሱን ያስተዳድር ነበር። በ1901 በምሕንድስና ተመርቆ በዚያው ዓመት ቡፋሎ ፎርጅ በተባለ የማሞቂያና የአየር ማራገቢያ መሣሪያዎች አምራች ኩባንያ ተቀጠረ። የመነሻ ደመወዙ በሳምንት 10 ዶላር ነበር።

የማተሚያ ቤቱ ጥያቄ

ካሪየርን ለዝና ያበቃው ሥራ የተጀመረው በሰው ምቾት ሳይሆን በወረቀት ምክንያት ነው። በብሩክሊን የሚገኘው የሳኬት እና ዊልሄልምስ ማተሚያ ቤት ባለቀለም ሥዕሎችን የሚያትመው እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው እየደራረበ ነበር። አየሩ ሲረጥብ ወረቀቱ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ ሁለተኛው ቀለም በመጀመሪያው ላይ በትክክል አያርፍም፤ ኅትመቱም ይበላሻል።

ካሪየር በሐምሌ 1902 ያዘጋጀው ንድፍ የክፍሉን አንጻራዊ እርጥበት በ55 በመቶ ለማጽናት የታሰበ ነበር። አየር ቀዝቃዛ ፈሳሽ በሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ላይ ሲነፍስ ውስጡ ያለው ተን ወደ ውሃነት ተለውጦ ይንጠባጠባል፤ አየሩም ይደርቃል። ክፍሉም አብሮ ይቀዘቅዛል። በበረዶም ሆነ በሌላ ዘዴ ክፍልን ማቀዝቀዝ ከእርሱ በፊትም የተሞከረ ነገር ነበር። የካሪየር አዲስነት የሙቀት መጠንንና እርጥበትን እንደ አንድ ጥያቄ ማየቱና ምን ያህል ውሃ ከአየሩ መውጣት እንዳለበት አስቀድሞ ማስላቱ ነበር።

በዚያው ዓመት መገባደጃ በፒትስበርግ የባቡር ጣቢያ ቆሞ ጉም ሲመለከት ተጨማሪ ሐሳብ መጣለት። ጉም የሚፈጠረው አየር ሊሸከም የሚችለውን ተን ሁሉ ሲይዝ ነው። ታዲያ አየርን በደቃቁ በሚረጭ ውሃ ውስጥ በማሳለፍና የውሃውን ሙቀት በመቆጣጠር የአየሩን የጤዛ ነጥብ በተፈለገው መጠን መወሰን ይቻላል። ውሃው በበቂ ከቀዘቀዘ አየርን በውሃ ማድረቅ ይቻላል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሠራው መሣሪያ በጥር 1906 የባለቤትነት መብት ተሰጠው።

ቀመሩና ገበታው

ካሪየር በታኅሣሥ 1911 ለአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረበው ጥናት የሙያው መሠረት ሆኖ ቆይቷል። ጥናቱ በደረቅና በእርጥብ ቴርሞሜትር የሚገኙ ንባቦችን ከአየር እርጥበት ጋር የሚያገናኝ ቀመርና ሳይክሮሜትሪክ ገበታ የያዘ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አለ። ቀመሩ የከባቢ አየር ግፊትን እንደ ተለዋዋጭ ይጠይቃል። ገበታው ግን በአንድ ግፊት፣ ማለትም በባሕር ጠለል ግፊት፣ ተስሏል። ለአጠቃቀም ቀላል የሆነው ገበታው ነውና በብዙ ቢሮዎች ግድግዳ የተሰቀለው እርሱ ነው።

ካሪየር በ1915 ከስድስት የሙያ ባልደረቦቹ ጋር የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በ1922 የማዕከላዊ ፍንገጣ መጭመቂያ ያለው ማቀዝቀዣውን ለሕዝብ አሳየ። ይህ መሣሪያ ትልልቅ አዳራሾችን ማቀዝቀዝን አዋጭ አደረገ። በ1925 የኒው ዮርኩ ሪቮሊ ቲያትር አዲሱን ሥርዓት ሲያስመርቅ ተመልካቾች እንደ ልማዳቸው ማራገቢያ ይዘው ገቡ። መሣሪያው ሥራውን ዘግይቶ ስለጀመረ መጀመሪያ ላይ ማራገባቸውን አላቋረጡም። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ግን ማራገቢያዎቹ አንድ በአንድ ዝቅ አሉ።

በ1928 ለመኖሪያ ቤት የሚሆን መሣሪያ ለገበያ ቢያቀርብም የ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ ሽያጩን ገታው። የቤት አየር ማቀዝቀዣ በስፋት የተሠራጨው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ካሪየር ሁለት ሚስቶቹን በሞት አጥቶ ሦስተኛ ጊዜ ያገባ ሲሆን ሁለት ልጆችን በማደጎ አሳድጓል። ጥቅምት 7 ቀን 1950 በኒው ዮርክ ከተማ አረፈ።

የካሪየር ሂሳብ በቦሌ

ካሪየር ሲሞት ቦሌ ገና የአውሮፕላን ማረፊያ አልነበራትም። ዛሬ በአፍሪካ ጎዳና ግራና ቀኝ የቆሙት ባለ መስታወት ሕንፃዎችና ከእነርሱ በስተ ምሥራቅ የተዘረጉት መኖሪያ ሰፈሮች ግን በእርሱ ሙያ ላይ ይደገፋሉ። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው።

ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ይታያል። በአንድ የበልግ ቀን ከሰዓት በኋላ የአየሩ ሙቀት 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 30 በመቶ ቢሆን፣ በባሕር ጠለል ገበታ የሚነበበው የእርጥብ ቴርሞሜትር ሙቀት 15 ዲግሪ ያህል ነው። በቦሌ ግፊት ሲሰላ ግን ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳል። በአንድ ኪሎግራም ደረቅ አየር ውስጥ ያለው ተን በገበታው 6.2 ግራም ሲሆን በቦሌ ግፊት 8.3 ግራም ነው። ገበታውን እንዳለ የወሰደ ባለሙያ የእርጥበቱን አንድ አራተኛ ሳይቆጥር ይቀራል።

በተንቀሳቃሹ መሣሪያ ላይም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። አየሩ ስስ በመሆኑ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ክብደት በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሙቀትን የማስወጣት ኃይሉም ይቀንሳል። በአንጻሩ የውጭው አየር መሣሪያዎች በአብዛኛው ከሚፈተኑበት 35 ዲግሪ በጣም የቀዘቀዘ መሆኑ ሥራውን ያቀልለታል። ሁለቱ ተጽዕኖዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሠሩ በካታሎግ የሰፈረው አቅም በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ሳይለካ የሚታመን አይደለም።

ሌላው ጉዳይ ባለ አንድ ቱቦ መሣሪያዎችን ይመለከታል። እነዚህ መሣሪያዎች የራሳቸውን ሙቀት የሚያስወጡት ከክፍሉ በወሰዱት አየር ነው። የወጣው አየር በበር ሥርና በመስኮት ክፍተት በሚገባ የውጭ አየር ይተካል። ውጭው ከክፍሉ በሚሞቅበት ቆላ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። በቦሌ ግን ቆርቆሮው ወይም መስታወቱ ያጋለው ክፍል ብዙ ጊዜ ከደጅ ይልቅ ይሞቃል። ስለዚህ የሚገባው አየር ራሱ ክፍሉን ያቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ ከመሣሪያው ጥቅም ከፊሉ የሚገኘው በጥቂት ኤሌክትሪክ ከሚሠራ ተራ ማራገቢያ ወይም ከተከፈተ መስኮት ነው። መስኮት መክፈት አቧራና ጫጫታ ባለበት መንገድ ዳር ቀላል አይደለም። ሌሊት ግን የውጭው ሙቀት በሞቃቱ ወራትም ወደ 12 ዲግሪ ገደማ ስለሚወርድ፣ ግድግዳን በሌሊት አየር አቀዝቅዞ ቀን መስኮትን በመጋረጃ መከለል ከፍተኛ ጥቅም አለው።

ማጠቃለያ

የካሪየር ሕይወት የሚያሳየው የአየር ማቀዝቀዣ ታሪክ በማሽን ሳይሆን በልኬት መጀመሩን ነው። ካሪየር ቧንቧ ከመዘርጋቱ በፊት ከማተሚያ ቤቱ አየር መውጣት ያለበትን ውሃ አሰላ፤ ቀመሩንም ሲጽፍ ለግፊት ቦታ ተወለት። በአዲስ አበባ የሚሠራ ተመራማሪ ከእርሱ የሚወርሰው ለባሕር ጠለል የተሳለውን ገበታ ሳይሆን የየቦታውን ግፊት የሚቀበለውን ቀመር መሆን አለበት። በቆርቆሮ ቤት፣ በኮንዶሚኒየምና በመስታወት አፓርታማ ውስጥ የሙቀትና የእርጥበት መጠንን በየሰዓቱ መመዝገብ በትንሽ ወጪ ሊሠራ የሚችል የምረቃ ጥናት ነው። እንዲህ ያለ መረጃ ሲኖር አንድ ቤተሰብ ማሽን መግዛት፣ ኮርኒስ ማሠራት ወይም መስኮቱን ከምዕራብ ፀሐይ መከለል ይሻለው እንደሆነ በግምት ሳይሆን በቁጥር መመለስ ይቻላል።