መኪና ሳይነዳ የመንገድን ሥርዓት የደነገገ፤ ዊሊያም ፌልፕስ ኢኖና የአደባባይ ንድፍ አጀማመር

ዊሊያም ፌልፕስ ኢኖ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1858 በኒው ዮርክ ከተማ ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ አሞስ ኢኖ በቦታና በሕንጻ ንግድ የበለጸገ፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረውን የፊፍዝ አቬኑ ሆቴል ያሠራ ሰው ነበር። ልጁም በ1882 ከየል ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በቤተሰቡ ንግድ ተሰማራ። ሕይወቱን የሚያወሱ ጽሑፎች ግን ታሪኩን የሚጀምሩት ከ1867 ነው። በዚያ ዓመት የዘጠኝ ዓመቱ ኢኖ ከእናቱ ጋር በሠረገላ ሲሄድ መንገድ ተዘግቶባቸው ቆሙ። መተላለፊያውን ያነቁት በፈረስ የሚጎተቱ ተሽከርካሪዎች ከደርዘን እምብዛም አይበልጡም ነበር፤ ሆኖም ነጂዎቹም ሆኑ ፖሊሶቹ መላ አልነበራቸውም። ይህ ኢኖ ራሱ በኋላ ዘመኑ የተረከው ትዝታ በመሆኑ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ቢሆንም ዕድሜ ልኩን የሙጥኝ ያለበትን አቋም አጥርቶ ያሳያል፤ መንገድን የሚዘጋው የተሽከርካሪ ብዛት ሳይሆን የደንብ እጦት ነው የሚለውን።

አባቱ በ1898 ሞተ። ኢኖም በማግስቱ ዓመት ንግዱን ትቶ ሀብቱንና ጊዜውን ለትራፊክ ሥርዓት አዋለ። በ1900 ራይደር ኤንድ ድራይቨር በተባለ የፈረሰኞችና የሠረገላ ነጂዎች መጽሔት ላይ የከተማው የመንገድ አጠቃቀም በአስቸኳይ እንዲታረም የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። በ1903 ደግሞ ያረቀቀውን የአነዳድ ደንብ የኒው ዮርክ ፖሊስ ተቀበለው። ደንቡ አጭርና ለማንም የሚገባ ነበር። ነጂ ቀኙን ይዞ ይሂድ፤ ዝግ ብሎ የሚሄድ ወደ መንገዱ ጠርዝ ይጠጋ፤ የሚቀድም በግራ በኩል ይለፍ፤ ለመቆም ወይም ለመታጠፍ የፈለገ እጁን ወይም አለንጋውን አንሥቶ ያመልክት።

ለመገናኛ ንድፍ ታሪክ ከሁሉ የሚልቀው ግን ስለ ግራ መታጠፍ የተደነገገው አንቀጽ ነው። ቀድሞ ወደ ግራ የሚታጠፍ ባለጋሪ ማዕዘኑን በአጭሩ ይቆርጥና ከተሻጋሪው መንገድ ከሚወጣው ጋር ፊት ለፊት ይፋጠጥ ነበር። ደንቡ ታጣፊው የመገናኛውን መሃል በግራው ትቶ፣ ዞሮ እንዲታጠፍ አስገደደ። በዚህ አንድ አንቀጽ፣ አንድም ድንጋይ ሳይነሣ፣ እያንዳንዱ መስቀለኛ መንገድ የማይታይ ምሰሶ ተተከለበት ማለት ይቻላል። አደባባይ የዚህ ሐሳብ ተፈጥሯዊ ቅጥያ ነው፤ ምሰሶውን አግዝፎ፣ ታጣፊውን ብቻ ሳይሆን ቀጥታ አላፊውንም ማዞር።

ኮሎምበስ ሰርክል ለዚህ የተመቸ ቦታ ነበር። ብሮድዌይ፣ 8ኛው አቬኑና 59ኛው ጎዳና የሚገናኙበት ሲሆን መሃሉን ከ1892 ጀምሮ የኮሎምበስ ሐውልት ይዞታል። በ1905 በኢኖ ሐሳብ ተሽከርካሪዎች ሁሉ ሐውልቱን በአንድ አቅጣጫ እንዲዞሩ ተደረገ። በአማርኛ አደባባይ የሚለው ቃል ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ገላጣ ስፍራም፣ ተሽከርካሪ የሚዞርበትን መገናኛም መሰየሙ እዚህ ላይ ይገጥማል፤ የመጀመሪያው ዓይነት ወደ ሁለተኛው የተለወጠው በእንዲህ ያለ ቦታ ነውና። የለውጡ ትርፍ ዛሬ በግጭት ነጥብ ይሰላል። ባለአራት ክንፍ ተራ መስቀለኛ መንገድ 32 የተሽከርካሪ ግጭት ነጥቦች ሲኖሩት፣ 16ቱ መንገድ ለመንገድ የሚቋረጡባቸውና አደጋቸው የከፋ ናቸው። ባለአንድ ረድፍ አደባባይ ያለው 8 ብቻ ነው፤ 4ቱ የመቀላቀያ፣ 4ቱ የመለያያ ሲሆኑ የሚቋረጡበት ነጥብ ጭራሹን የለም።

የቀዳሚነቱ ክብር ግን የኢኖ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው አርክቴክት ዩጂን ኤናር በእነዚያው ዓመታት ለፓሪስ የሚዞር መገናኛ ነድፎ፣ እግረኛው ከሥር በምድር ውስጥ መተላለፊያ እንዲሻገር አስቦ ነበር። በ1907 በፕላስ ደ ሌትዋል የአንድ አቅጣጫ ዙሪት ሲጀመርም የሁለቱም ስም ይነሣል። ልዩነታቸው የመነሻ ነው። ኤናር ከቅርጽ ተነሥቶ ወደ ሥርዓት መጣ፤ መሐንዲስ ያልነበረው ኢኖ ግን ከሥርዓት ተነሥቶ ቅርጹን ካገኘው ቦታ ተዋሰ። የእግረኛ መሻገሪያን፣ የቁም ምልክትንና የታክሲ ተራን ሳይቀር የኢኖ ፈጠራ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ቢሆንም፣ በየከተማው በብዙ እጅ የበሰለን ነገር ለአንድ ሰው መስጠት ያስቸግራል።

ሰውየው በ1921 በስሙ የሚጠራውን የትራፊክ ጥናት ድርጅት አቋቋመ። በ1914 በክሊቭላንድ የኤሌክትሪክ የትራፊክ መብራት ከተተከለ ወዲህ ከተሞች ወደ መብራት ቢያዘነብሉም፣ እርሱ ተራ በተራ ከማስቆም ይልቅ እያዞሩ ማሳለፍን መረጠ። ፈረስ ወዳድ እንደ ነበርና መኪና ነድቶ እንደማያውቅ በስፋት ይነገራል። በ1945 በ87 ዓመቱ አረፈ።

እርሱ ባረፈበት ዘመን የአሜሪካ አደባባዮች ስም እየጠፋ ነበር። ጉድለቱ በመዞሩ ላይ ሳይሆን ማን ማንን ይጠብቅ በሚለው ላይ ነበር። ብዙውን ጊዜ ቅድሚያው ለገቢው ስለሚሰጥ፣ መኪና ሲበዛ ገቢዎቹ ዙሪቱን ይሞሉትና ወጪዎቹ መውጫ ያጣሉ፤ አደባባዩም በራሱ ላይ ይቆለፋል። መሐንዲሶች መፍትሔውን በስፋት ፈለጉት፤ ክቡን እያሰፉ መሬት ፈጁ፣ የሰፋው ክብም ፍጥነትን ጨመረ። ቋጠሮውን የፈታው በ1966 ብሪታንያ ያወጣችው፣ ገቢው በመዞር ላይ ላለው ቅድሚያ እንዲሰጥ የሚያዘው ደንብ ነው። ከዚያ በኋላ ክቡን ማጥበብ ተቻለ። አሜሪካም በዚህ ሥርዓት የሚሠራ አደባባይ ያገኘችው በ1990 በኔቫዳ ነው። አሥራ ሁለት ጎዳናዎች በሚፈሱበት በፕላስ ደ ሌትዋል ግን እስከ ዛሬ ቅድሚያው የገቢው ነው፤ የድል ሐውልቱን የሚዞረው ነጂ በቀኙ ለሚመጣው ሁሉ እየቆመ ያሳልፋል።