በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፦ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ጀማሪ

በአማርኛ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት የደረሱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም በሸዋ፣ ሰያደብር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ራስ መኮንንን ተከትለው ወደ አድዋ የዘመቱ ሲሆን፣ ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው በመድፈኛነት ሙያ ሠለጠኑ። በአውሮፓ ቆይታቸው ቴአትር የሕዝብ ማስተማሪያ መድረክ መሆኑን ለመረዳት ችለዋል።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ በቴአትር ስም ይቀርብ የነበረው ትርኢት ከዘፈንና ከጭፈራ ያልዘለለ ሆኖ አገኙት። ይህን ለማረም በ1910ዎቹ ዓ.ም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘውን ተውኔት ደርሰው በመዲናዋ በሚገኝ ሆቴል ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ አሳዩ። ተውኔቱ እንስሳትን በማናገር የአስተዳደሩን ብልሹነትና የአገሪቱን ኋላ ቀርነት የሚነቅፍ ነበር። መልእክቱ የተነካቸውን ወገኖች በማስቆጣቱ በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ታገደ። እገዳው የቴአትርን እድገት እስከ 1923 ዓ.ም ድረስ ገታው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በተውኔታቸው የነቀፉትን ችግር በሥራቸውም ለማቃለል ጥረዋል። የጨርጨር አውራጃ ገዥ በነበሩበት ጊዜ አሰበ ተፈሪ በፕላን የተሠራች ከተማ እንድትሆን አድርገዋል። በ1923 ዓ.ም የወጣውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሲሆን፣ በገንዘብ ሚኒስትርነትም አገልግለዋል። በ1928 ዓ.ም የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ሲፈጸም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟግተዋል። ከዚያም ረጅም የስደት ዘመን አሳልፈው ወደ አገራቸው በመመለስ በሂርና በእርሻ ሥራ ኖሩ። በ1969 ዓ.ም አረፉ።

እርሳቸው የከፈቱት መንገድ ግን አልተዘጋም። እገዳው ከተነሣ በኋላ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተውኔቶችን ለትምህርት ቤቶች አዘጋጁ። በ1927 ዓ.ም የአገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን ለነጻነት ለማነሣሣት ተመሠረተ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚል ስም የሚታወቀው ቤት በ1948 ዓ.ም ተመርቆ ሲከፈት፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽም ከ1957 ዓ.ም ወዲህ ለከተማዋ ነዋሪ የቴአትር መድረክ ሆኗል። እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞች የሚገኙ የባህል አዳራሾችም ይህንኑ አገልግሎት ከመዲናዋ ውጪ ላለው ሕዝብ የሚያደርሱ ናቸው።

የ«ፋቡላ» ታሪክ ከኪነ ጥበብ ባለሙያው ባልተናነሰ የመንግሥት ሠራተኛውን ይመለከታል። ተውኔቱን ያዩት ሹማምንት ነቀፋውን አዳምጠው አሠራራቸውን ከማረም ይልቅ መድረኩን መዝጋትን መርጠዋል። ቴአትሩ ቢዘጋም የተነቀፈው ብልሹ አሠራር ግን አልተወገደም። የከተማ ቴአትር ተልእኮ ነዋሪውን ማዝናናት ብቻ ሳይሆን፣ አስተዳዳሪውም የሥራውን ገጽታ በሕዝብ ፊት እንዲያይ ማድረግ እንደሆነ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሕይወት ያስረዳል።