ድምፅን በውሃ ውስጥ ሥራ ያስያዙ ሊቅ፤ ፖል ላንዥቨን

ድፍርስ ውሃ በእንስራ ቀድቶ ጭቃው እስኪዘቅጥ መጠበቅ በሐረር አካባቢ ላደገ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማዪቱን ለብዙ ዓመታት ያጠጣት የሐረማያ ሐይቅም ደለል ሞልቶበትና ከልክ በላይ ተቀድቶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ነበር። ታዲያ ደቃቁን ጭቃ ከውሃ በድምፅ ኃይል መለየት ይቻላል ብንል ለአንባቢ ተረት ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ መንገዱን ከጠረጉት ሊቃውንት አንዱ ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቨን ናቸው።

ላንዥቨን በ1864 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለዱ። ከመምህሮቻቸው አንዱ ፒዬር ኩሪ ሲሆኑ፣ እኒህ ሰው ከወንድማቸው ጋር የኳርትዝ ድንጋይ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ያገኙ ናቸው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ብዙ ሕዝብ በፈጁ ጊዜ ላንዥቨን የመምህራቸውን ግኝት አስታወሱ። በ1909 ዓ.ም. ኳርትዙን በኤሌክትሪክ አርገብግበው፣ በሴኮንድ 40 ሺህ ያህል ጊዜ የሚርገበገብና የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ውሃ ላኩ። በዓመቱም የሰርጓጅ መርከብን ገደል ማሚቶ ተቀበሉ። ከመሣሪያው አጠገብ የሚዋኙ ትናንሽ ዓሣዎች ሲሞቱ በማየታቸውም ድምፅ በውሃ ውስጥ ኃይል እንዳለው ተረዱ።

በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ይህንኑ ኃይል ለመለያ አዋሉት። የሚሄደውና ከግድግዳ ተመላሹ ሞገድ ሲገናኙ በውሃው ውስጥ ጸጥ ያሉና የሚናወጡ ሥፍራዎች በየተራ ይሰለፋሉ። ደለልን የመሰለው ከባድ ቅንጣት በአንዱ ሥፍራ፣ የዘይት ጠብታ በሌላው ይከማቻል፤ ተለቅ ያለው ቅንጣት ከደቃቁ ፈጥኖ ስለሚሄድ በመጠንም መለየት ይቻላል። ዛሬ በቤተ ሙከራ የደም ሕዋሳት ሳይቀሩ በዚህ ዘዴ ይለያሉ።

ላንዥቨን ግን የቤተ ሙከራ ሰው ብቻ አልነበሩም። በ1926 ዓ.ም. ፋሺዝምን የሚቃወም የምሁራን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1928 ዓ.ም.፣ ሐረር ራስዋ በፋሺስት ቦምብ ተቃጠለች። ጀርመኖች ፓሪስን በያዙ ጊዜ ላንዥቨን በ1933 ዓ.ም. ታሰሩ፤ የልጃቸው ባል በጥይት ተገደለ፣ ልጃቸውም ወደ አውሽዊትዝ ተጋዘች። እርሳቸው በ1936 ዓ.ም. ወደ ስዊስ አምልጠው፣ ነፃነትን አይተው በ1939 ዓ.ም. አረፉ።

መርከብ ለማደን የተፈለሰፈው ድምፅ ዛሬ ንጹሑን ከድፍርሱ ይለያል። ወጣቶቻችን ከእኒህ ሊቅ የሚወርሱት ዕውቀታቸውን ብቻ ሳይሆን ለእውነት የከፈሉትን ዋጋ ጭምር እንዲሆን እንመኛለን።