ኤድዋርድ ሩፔል በምጽዋ ዳርቻ

ከኦቶና ወደ ዳሞታ ተራራ ሽቅብ ለሚመለከት ሰው በሰማዩ ላይ ከሚዞሩት ጥንብ አንሳዎች አንደኛው፣ ላባው ዥጉርጉር የሆነው፣ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የሚጠራው በሩፔል ስም ነው። ሩፔል ግን ወላይታን ከቶ አላየም።

ሰውዬው በ1794 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ለንግድ ቢታጭም፣ በ1817 በግብጽና በሲና ያደረገው ጉዞ ልቡን ወደ ተፈጥሮ ጥናት መለሰው። በ1820ዎቹ ዓመታት ኑቢያንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ዞረ። ከዚያ ካመጣቸው ወፎች መካከል ቢጫ ምንቁርና ጥቁር ጉትዬ ያለው ትልቅ የባሕር ወፍ ይገኝበታል፤ ይህንንም ክሬችማር የተባለው የአገሩ ሊቅ በ1827 ሰየመው።

በ1831 ሩፔል እንደገና ምጽዋ ደረሰ። ወደቡ በቱርክ ሥር ነበር። ደጋው በመሳፍንቱ ጦርነት ይታመስ ነበር፤ ደጃዝማች ሰባጋዲስም በዚያው ዓመት ተገድለው ነበር። ሩፔል ወደ ደጋው የወጣው በሚከተለው ዓመት ነው፤ እስከዚያው በባሕሩ ዳር ሰነበተ። ያ ዳርቻ ለወፍ ተመልካች የታደለ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፤ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡ ባለ ረጃጅም እግር ወፎችም ሸርጣንና ትል እየለቀሙ ይሰባሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ የወላይታ ገበሬ የበልግ እርሻውን በሚያጣድፍበት ወራት፣ ወደ ሰሜን ይነሣሉ። በአባያ ሐይቅ ዳር የሚያርፉትም የእነርሱው ወገኖች ናቸው።

በዘመኑ ልማድ ወፍ የሚጠናው በጠመንጃ ነበር፤ ይህን ዛሬ የሚወድድ የለም። ይሁን እንጂ ሩፔል የአገሬውን ቃል አልናቀም። በ1835 ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ፣ ሁለቱን ስሞች ከሰሜን ሰዎች አፍ ወስዶ በላቲኑ ስያሜ ውስጥ አኖራቸው። ስሞቹን የነገሩት ሰዎች ግን በየትኛውም አውሬ ወይም ወፍ ስም አልታሰቡም። የባሕር ዳሮቹ ወፎችማ የአገር ስም እንኳ ሳይያዝላቸው ቀረ፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ እኔን የሚቆጨኝ ይኸው ነው። በአባያ ዳር ያሉ ዓሣ አጥማጆች ለእነዚህ እንግዶች የሚሰጡት ስም ከሽማግሌዎቹ ጋር ሳያልፍ ሊመዘገብ ይገባል።

ሩፔል ጎንደር ከርሞ፣ የግዕዝ ብራናዎችንም ሰብስቦ፣ በ1834 አገሩ ገባ። በ1839 የለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ኋላ ግን ስብስቡን ከሰጠው ከፍራንክፈርቱ ሙዚየም ጋር ተጣልቶ የጥንት ገንዘብ ወደ ማጥናት ዞረ። በ1884 በ90 ዓመቱ ሞተ። በስሙ የተጠራች አንዲት ትንሽ ወፍ ብርዱን በሱዳን ታሳልፍና፣ በመጋቢት ወደ ግሪክና ወደ ቱርክ ትመለሳለች።