ከአልጋው አጠገብ የተቀመጡት ሐኪም

ስሙን የሰማ ብዙ ነው፤ ሰውየውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የመርሳት በሽታ በስማቸው የሚጠራውን የዶክተር አሎይስ አልዝሃይመርን ታሪክ ባጭሩ ልናወሳ ወደናል። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮጳውያን ነው።

ዶክተር አልዝሃይመር በ1864 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ በባቫሪያ፣ ማርክትብራይት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በ1887 በሕክምና ተመርቀው በተከታዩ ዓመት በፍራንክፈርት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ያዙ። በዚያም ከባልደረባቸው ከፍራንዝ ኒስል ጋር የሙታንን አንጎል በማይክሮስኮፕ ይመረምሩ ነበር። በ1901 መጀመሪያ ላይ ባለቤታቸው ሦስት ልጆች ትተው ሞቱባቸው።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ሆስፒታል ገባች። ባሏ የምድር ባቡር ጸሐፊ ነበር። ዶክተሩ አጠገቧ ተቀምጠው ስሟን ጠየቋት፤ በትክክል መለሰች። የባሏን ስም ሲጠይቋት ግን የራሷን ስም ደገመችላቸው። የአሳማ ሥጋና አበባ ጎመን እየበላች ስፒናች እንደምትበላ ነገረቻቸው። እርሳስ፣ ቁልፍና ሲጋራ አሳዩአት፤ ሁሉንም በስማቸው ጠራች፤ ጥቂት ቆይተው ቢጠይቋት ግን ያየችውን ረስታ ነበር። ስሟን እንድትጽፍ ቢያዟት ጀምራ መጨረስ አቃታት። ዶክተሩም የተሳሳተውን መልስ ሳያርሙና ሳያሳምሩ፣ እንዳለ መዘገቡት።

ሴቲቱ በ1906 ስትሞት ዶክተሩ ሙኒክ ተዛውረው ነበርና አንጎሏ ወደዚያው ተላከላቸው። ቢመረምሩት መንምኗል፤ በነርቭ ሴሎቹ ውስጥ የተጠላለፉ ክሮች፣ በሴሎቹም መካከል ባዕድ ዝቃጭ ታየ። በዚያው ዓመት በቲቢንገን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ይህን ሲገልጹ ከጉባኤው አንድ ጥያቄ እንኳ አልቀረበላቸውም። ሆኖም በ1910 ፕሮፌሶር ክሬፔሊን በመጽሐፋቸው በሽታውን በአልዝሃይመር ስም ጠሩት።

ዶክተሩ በ1912 በብሬስላው ፕሮፌሶር ሆነው፣ በ1915 በልብና በኩላሊት ሕመም ዐረፉ። ዕድሜያቸው 51 ነበር፤ ሕመምተኛዋን መጀመሪያ ባዩዋት ጊዜ የነበራት ዕድሜ ማለት ነው።

የሴቲቱ የሕክምና መዝገብ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ1995 በፍራንክፈርት ተገኘ። ጥያቄውም መልሱም በዶክተሩ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሮ ነበር። ዛሬም ሐኪሞች ከአልጋው አጠገብ ሆነው ዕለቱንና ቦታውን ይጠይቃሉ፤ ሦስት ቃላት ነግረው ጥቂት ቆይተው መልሰው ይጠይቃሉ። ማይክሮስኮፑ ያሳየው ነገር ትርጉም ያገኘው ያ መዝገብ አስቀድሞ በታማኝነት ስለ ተጻፈ ነው። እኛም መዝገብ የምንይዝና ባለጉዳይ የምናነጋግር ወጣቶች፣ የሰማነውን እንደ ሰማነው ለመጻፍ ያህል ትዕግሥት ይኑረን እንላለን።